የእመቀላይ ሚዛን

የንግሥት ኢያሄላ ዋንጫ ማንም ሳይነካው ከገበታው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የዛሆራ መከራ በዚህ ተጀመረ። መጀመሪያ አሳላፊው ተገረፈ፤ ቀጥሎ ገበታውን የሠራው አናጢ ተገረፈ። በሦስተኛው ቀን የቤተ መንግሥቱ በሮች ሁሉ በገዛ እጃቸው ወደ አንድ ወገን ሲከፈቱ ግን የሚገረፍ ሰው ታጣ። ጠቢባኑ ወደ ባሕሩ የተመለከቱት ያን ጊዜ ነው። አድማሱ ዘምሞ ታያቸው። አድማስ ደግሞ አይዘምም፤ የዘመመችው ሀገራቸው ነበረች።

ዛሆራ እንደ ሌሎች መንግሥታት በአፈርና በዐለት ላይ የቆመች አይደለችም፤ የተሠራችው በእመቀላይ ጀርባ ላይ ነው። ጄሊፊሽ የሚሉትን፣ ማዕበል ወደ ዳር ሲተፋው አሸዋ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ፍጡር ያየ ሰው እርሱን በሐሳቡ ያግዝፈው፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጃንጥላ ያድርገው፤ በላዩም ቤተ መንግሥት፣ ገበያና አርባ ሺህ ነፍስ ያስቀምጥበት። እመቀላይ እንዲያ ናት። ጃንጥላዋን ስትሰበስብ ውኃውን ገፍታ ትሄዳለች፤ ስትዘረጋ ታርፋለች። የዛሆራ ሰው ከእግሩ ሥር ይህን ምት እየሰማ ተወልዶ ይህንኑ እየሰማ ይሞታል።

እመቀላይ ራስ የላትም። ልብም ደምም የላትም። የምትበላበት አፍና የበላችውን የምታስወጣበት ቀዳዳ አንድ ነው። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ልክ ከዚያ በላይ ስለነበር ሕዝቡ በዚህ ነገር መቀለድ ይወድ ነበር፤ ሲቀልድ ግን ግራ ቀኙን አይቶ ነው። መካከሏ ምንም አያውቅም። የምታውቀውን ሁሉ የምታውቀው በጠርዟ ነው። በጠርዟ ዙሪያ ስምንት ጉድጓዶች አሉ፤ ዓይነ ሚዛን ይባላሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ እንደ ደወል ምላስ የተንጠለጠለ ሥጋ አለ፤ በሥጋው ጫፍ አንድ ድንጋይ፣ ከጎኑ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ የሚለይ ጥቁር ነጥብ፣ ከበላዩም ውኃውን የምታሸትበት ስርጉድ። እመቀላይ ስታዘነብል ድንጋዩ ወደ ታች ወርዶ ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ይጫናል፤ እርሷም ላይና ታቹን በዚያ ትለያለች። ከስምንቱ ቀድሞ «ምቺ» ያለው ዓይነ ሚዛን ለሁሉም ይናገራል፤ ሰባቱ ይከተሉታል።

የዛሆራ ሸንጎም በዚሁ ሕግ ይተዳደር ነበር። ስምንት ቤቶች ስምንቱን ድንጋዮች ይጠብቃሉ፤ በሸንጎ ከስምንቱ አለቆች ቀድሞ የተናገረው ቃሉ ይጸናል። ድንጋዩ የጠፋበት ቤት ግን ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ደጁን የሚረግጥ ጎረቤት አይኖረውም፤ እርሱም የማንንም ደጅ አይረግጥም።

የጠፋው የስምንተኛው ቤት ድንጋይ ነበር። የየብሱ ንጉሥ ጎርባስ ጠላቂዎች ልኮ አሰረቀው። ከፀሐይ ሲያውሉት የሚያበራ ድንጋይ ነውና ለዘውዱ ፈለገው። በዚያ ቀን ጥበቃ ላይ የነበረው ባርካይ የተባለ ጎልማሳ ነበር፤ ሚስቱን ጽጌላንና ገና የምትድኽ ሕፃን ልጁን ሊያይ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤቱ ብቅ ብሎ ነበር። በዚያች ጥቂት ጊዜ የቤቱ ስም ጠፋ።

ባርካይ በንግሥቲቱ ፊት ተንበረከከ። «በእመቀላይ ምት፣ በሕፃኗ ልጄም እምላለሁ! ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ ባሕር አይቀበለኝ፣ የብስም አትቀበለኝ!» አለ።

«ድንጋይ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ መያዝ ሌላ ነው። ማን ይይዝልሃል?» አለች ንግሥቲቱ።

ሞገሲት ከሕዝቡ መካከል ብድግ አለች። የአራተኛው ቤት አለቃ የአዛዥ ተድባብ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ገና ሃያ አልሞላም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ እየወረደች ከድንጋያቸው ላይ አሸዋ የምትጠርገው እርሷ ነበረች። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ምንም ሳይል አቀረቀረ። በዛሆራ ቋንቋ ይህ ምርቃት ነው።

ባርካይና ሞገሲት ከሁለት ቀዛፊዎች ጋር ባለ አራት መቅዘፊያ ጀልባ ይዘው ወጡ። የጭጋጉን ባሕር አሥራ አንድ ቀን ተጓዙ። በዚያ የሚኖሩት ዕውር ዓሣ ነባሪዎች የሰው ድምፅ ሲሰሙ ይመጣሉና አሥራ አንዱን ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የብስ ሲደርሱ ሞገሲት ከጀልባው ወርዳ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ወደቀች። ምድሪቱ አትመታም። ከእግሯ ሥር ዝም አለች። ሬሳ ላይ የቆመች መሰላትና አስመለሳት።

የጎርባስ ዘውድ በበዓሉ ቀን በቀትር ከከተማው በር በላይ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ባርካይ ወጣበት። ከመርከብ ምሰሶ ላይ ያደገ ሰው ነውና ዘበኞቹ ልብ ሳይሉት ጫፍ ደረሰ፤ ድንጋዩን ከዘውዱ ፈልቅቆ ወደ ታች ወረወረው፤ ሞገሲትም በነጠላዋ ተቀበለችው። ሲወርድ ግን ሦስት ፍላጻ ተከተለው፤ አንዱ ከብብቱ ሥር ገባ። ሮጦ ጀልባው ደረሰ፤ ቀዘፈም። ሲቀዝፍ ቆይቶ መቅዘፊያውን ለቀቀ።

«ያዝሽው?» አላት።

«ይዣለሁ ወንድሜ። ይኸው፣ ንካው።»

ነካው። በደም የራሰ እጁ ድንጋዩ ላይ ቀረ። «እንግዲህ ጽጌላ ደጃፏን ትከፍታለች» አለና ዐረፈ።

በዛሆራ ምንጭ የለም፤ ከሰማይ ከሚወርደው በቀር ጣፋጭ ውኃ የለም። ስለዚህ ክብር የሚገባው ሁሉ በጣፋጭ ውኃ ይታጠባል፤ የተወለደ፣ የተዳረች፣ የሞተ። ሞገሲት ከየብስ ከቀዱት ውኃ ጋኑን ከፍታ ባርካይን አጠበችው። ድንጋዩም የሰው ደምና የዘውድ ሙጫ ይዞታል። እንዲህ ቆሽሾ ወደ እመቀላይ መመለሱ ነውር መሰላት። ከሁሉ የከበረ ነገር አይደል? በገበቴ ጣፋጭ ውኃ ሞልታ ድንጋዩን ነከረችው፤ እስኪለቅ ድረስም ከባርካይ ሬሳ አጠገብ ተደፍታ አለቀሰች። ልቅሶው ደከማትና እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ገበቴውን አየች። ድንጋዩ የጥፍሯን ያህል ቀርቶ ነበር። እጇን ስትሰድ እንደ ጨው ጓል ሙልጭ አለባት፤ ወደ ባሕር ውኃ ልትገለብጠው ስትጣደፍ የቀረውም በጣቶቿ መካከል አለቀ። የእመቀላይ ድንጋይ ከዚህ ስርቆት በፊት ከጨዋማ ውኃ ወጥቶ አያውቅም፤ ጣፋጭ ውኃ እንደሚያሟሟው የሚያውቅ ሰው ከአባቶች ወገን አንድም አልነበረም። ሞገሲት ግን ይህን ማሰብ አልቻለችም። አንድ ሰው የሞተለትን ነገር አከብራለሁ ብላ አጥፍታዋለች። ጮኸች፤ ዓሣ ነባሪዎቹም ቢመጡ ግድ አልነበራትም፤ ወደ ጭጋጉ ገና አልገቡም ነበርና ግን አልመጡም።

ጉዞውን ግን መቀጠል ነበረባቸው፤ ሦስት ሆነው ሲቀዝፉ ጀልባዋ ወደ ባዶው የባርካይ ወገን እየታጠፈች ትዞር ጀመር። ሽማግሌው ቀዛፊ «እመቤቴ፣ ከእርሱ ትይዩ ያለሽው አንቺ ነሽ። መቅዘፊያሽን አንሺ፤ አለዚያ ስንዞር እንከርማለን» አላት።

አነሣች። ጀልባዋ ቀስ ብላ ተቃናች፣ በሁለት መቅዘፊያም ቢሆን ወደ ፊት ሄደች። ሞገሲት መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ እንዳጋደመች ብዙ ቆየች። ከስምንተኛው ጉድጓድ ትይዩ ያለው የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። ያሰበችውን ነገር ከራሷ ልታባርረው ሞከረች፤ አልሄደላትም።

ዛሆራ ሲደርሱ ታችኛው ሰፈር ውኃ ገብቶበት ነበር። ሰው ራሱን ከአልጋው ጋር በገመድ እያሰረ ይተኛል። ጽጌላ ልጇን አዝላ ከወደቡ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሞገሲት ሁሉንም ነገረቻት፤ አንዲት ነገር አልደበቀችም።

«አጠብሽው?» አለች ጽጌላ። «ባሌ የሞተለትን አጠብሽው?»

«አዎ።»

ጽጌላ ፊቷን አዞረች። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት ይሻል ነበር።

በሸንጎውም ሞገሲት ያንኑ ደገመችው፤ ቀጥላም የጀልባውን ነገር ነገረቻቸው። «ንግሥት ሆይ፣ እመቀላይን የሚያዘነብላት የጠፋው ብቻ አይደለም። ትይዩው ያለው ተቃዋሚ አጥቶ ብቻውን እየጎተታት ነው። እርሱም ከወጣ ስድስቱ ሚዛን ይሆኗታል።»

ሰባቱ አለቆች ወለል ወለሉን አዩ። ቀድሞ የተናገረ ቃሉ ይጸናልና የጎረቤቱን ቤት የሚያጠፋ ቃል ከአፉ እንዲወጣ የፈቀደ አልነበረም፤ ወይም የማይፈቅድ መስሎ የሌላውን አፍ ይጠብቅ ነበር። ሞገሲት አባቷን አላየችውም። ማየት አልቻለችም።

«የአራተኛው ቤት ድንጋይ ይውጣ» አለ አዛዥ ተድባብ።

«አዛዥ ተድባብ፣ ስምህ ይፋቃል» አለች ንግሥቲቱ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ስሜን ዕድሜዬን ሁሉ ለብሼዋለሁ፤ አርጅቷል» አለ ሽማግሌው። «አርባ ሺህ ሰው ራቁቱን ከሚቀር እኔ ብቀር ይሻላል። ቢላውን ግን ልጄ ትያዝ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

በማግስቱ ረፋድ አባትና ልጅ በገመድ ወረዱ። ከጠርዙ በታች የእመቀላይ ክሮች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። በእነዚያ ክሮች ላይ ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ቀፎዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የተጠቀለለ መርዘኛ ጦር አለ። ጦሩ የሚወረወረው በንክኪ ነው፤ ማንንም አያማክርም። ጠባቂዎች ከልጅነት ጀምሮ የእመቀላይን ልጋግ ስለሚቀቡ ክሮቹ እንደ ገዛ ገላዋ ያዩአቸው ነበር። ጠርዟን የሚቆርጥባትን ግን ምን እንደሚያደርጉት የሚያውቅ አልነበረም፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ሞገሲት ከጉድጓዱ ገባች። አሥራ ሁለት ዓመት የጠረገችው ድንጋይ ፊቷ ላይ ነበር። ቢላውን በሥጋው ላይ ስታሳርፍ እመቀላይ ተሸማቀቀች፤ ክሮቹም ከሥር እየተጠማዘዙ ወደ ጉድጓዱ አፍ ወጡ። አባቷ ገመድ ሊይዝላት የወረደ መስሏት ነበር። ዘወር ስትል ሽማግሌው ልጋጉን ከገላው በአሸዋ ፈግፍጎ አስለቅቆታል። ክሮቹ መጡ፤ እርሱም እጁን ዘርግቶ እንደ ዘመድ አቀፋቸው።

ሞገሲት ወዲያው ገባት። እያንዳንዱ ጦር የሚወረወረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተወረወረ በኋላ ባዶ ቀፎ ነው የሚቀረው። አባቷ በራሱ ላይ ሊያስጨርሳቸው ነው። ቢላውን ጥላ ልትሄድለት ተነሣች። ሥጋው ግማሽ ተቆርጧል፤ ብትተወው ግማሽ የሞተ ዓይነ ሚዛን ሀገሪቱን ይገለብጣታል። አባቷ ከክሮቹ መካከል አንድ እጁን አወጣና በልጅነቷ ሥራ ስታቆም እንደሚያደርገው ወደ ድንጋዩ ጠቆማት፤ «ሥራሽን» ማለቱ ነው። እጁ ጨርሶ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ቆረጠች። እያለቀሰች ቆረጠች። ድንጋዩ መዳፏ ላይ ሲወድቅ የእመቀላይ ምት ቆመ፤ ከላይ አርባ ሺህ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ከሌላ ወገን፣ ከስድስቱ ከአንዱ፣ «ምቺ» የሚል ትእዛዝ መጣ። እመቀላይ ጃንጥላዋን ሰበሰበች፤ ዘረጋች። አድማሱ ተቃና።

በዛሆራ ሦስት ቀን ተጨፈረ። የአራተኛው ቤት ሰፈር ጠርዙ እየሞተ ስለነበር ነዋሪዎቹ ጓዛቸውን ይዘው ወጡ፤ አዋጅ ነጋሪውም በደስታው መካከል የቤታቸውን ስም ከመዝገብ ፋቀ። ንግሥቲቱ ለሞገሲት የወርቅ ካባ ላከችላት። ማደሪያ ግን ልትሰጣት አልቻለችም፤ ስም ለሌለው ቤት ልጅ ደጅ መክፈት ለንግሥትም የተከለከለ ነው።

ሞገሲት አባቷን ቀብራ ካባውን በክንዷ ይዛ በመንገድ ስትሄድ ሰዎች እጅ ይነሷት ነበር፤ እጅ ነስተውም በራቸውን ቀስ አድርገው ይዘጉ ነበር። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። እግሯ ከስምንተኛው ቤት ሰፈር ሲያደርሳት ልትመለስ ፈለገች። ጽጌላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከጽጌላ ኋላ በክፍሉ ውስጥ ሕፃኗ ትድኻለች። ያቺ ልጅ ቆሞ መሄድ የለመደችው በዘመመ ወለል ላይ ነበር፤ ወለሉ ከተቃና ወዲህ ሁለት እርምጃ በሄደች ቁጥር ወደ ጎን ትወድቃለች። አሁንም ተነሣች፤ ሄደች፤ ወደቀችና አለቀሰች።

«ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ናት» አለች ጽጌላ።

ሞገሲት ካባውን አሻሸች።

«እጆቼ ሊጥ ናቸው፤ ላነሣት አልችልም» አለች ጽጌላ። ድምፅዋ ገና ይቅር ያላለ ሰው ድምፅ ነበር። «እኛም ስም የለንም። ምን ቆመሽ ታያለሽ? ግቢና አንሺያት።»

ሞገሲት ጫማዋን አውልቃ ገባች።