ባለጉዳዩ ያልቀረበበት ሽምግልና

ትርሲት አድማሱ በዚያ ዓመት ብቻ አምስት ጊዜ ተድራለች፤ አምስቱንም ጊዜ ለዚያው ለሚልክያስ። ሠርጉ ባለቀ ቁጥር ጨዋታውን ከመጀመሪያው ታስነሣዋለች። እሱም እንደ አዲስ ያያታል፣ እንደ አዲስ ይወዳታል። ጎረቤቶቿ በዚህ አይደነቁም። በውኃ ላይ በተሠራችው በአዲሲቱ ሐዋሳ የብርሃን ምንጣፍ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ምንጣፉ ሲዘረጋ ከላዩ ሕያው ምስል ይቆማል፤ ይኸውም መልክና ድምፅ ብቻ ሳይሆን የራሱ አሳብ ያለው፣ የሚኮርፍና የሚታረቅ፣ ከምንጣፉ ጠርዝ ግን ማለፍ የማይችል የብርሃን ሰው ነው። ሌላው ሰው በምንጣፉ ላይ ኳስ ያያል፤ ትርሲት የምትወደው የሚልክያስን የፍቅር ጨዋታ ነው፤ ያለ አንዳች እፍረት ትወደዋለች።

«ሥራዬ ነው» ትላለች ለሚጠይቃት። የፍቅር ልቦለድ ደራሲ ስለሆነች ምክንያት አይጠፋትም።

እሷ ያለችበት የደራስያን ማኅበር አንድ ልማድ አለው። ጳጉሜ ሲገባ አባላቱ ተሰብስበው እያንዳንዱ የመጪውን ዓመት ዕቅዱን በሁሉ ፊት ይናገራል። ያለፈውን ዓመት ዕቅዱን ያልፈጸመ ደግሞ የእንቁጣጣሽን ድግስ ይደግሳል። ትርሲት ሦስት ዓመት በተከታታይ «ልቦለዴን እጨርሳለሁ» ብላ ሦስት ዓመት በተከታታይ ደግሳለች። «በአንቺ ስንፍና ስንቱ በግ አለቀ!» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራ ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ አብሯት አይገባም።

ልቦለዱ አልቋል ማለት ይቻላል፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረው። ልጃቸውን የቀበሩ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ሚስቲቱ ባሏን፣ «አንተ ልጅህን አልወደድካትም፤ ብትወዳት ኖሮ ታለቅስ ነበር» ትለዋለች። ከዚያ ባልየው መመለስ አለበት። ምን ብሎ? ትርሲት የጻፈችለት መልስ ሁሉ ሲነበብ ውሸት ውሸት ይላል። ምክንያቱን ታውቀዋለች። ያንን ቃል ለገዛ ባሏ ለይርዳው የተናገረችው ራሷ ናት፤ የልጃቸው የሶስና አርባ በወጣ ማግስት። ተናገረችና መልሱን ሳትሰማ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በኋላ ይርዳው ሽማግሌ ቢልክባትም እሺ ብላ አልተቀመጠችም።

የፍቅር ጨዋታው ከኑሮ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለው ተረት እዚያ አይሠራም። ተጫዋቹ የተናገረው ነገር ሲጸጽተው ሁለት ጣቶቹን ያጋጥማል። ይህ ቃል መሻሪያ ይባላል። ነገሩ ሁሉ ቃሉ ከመነገሩ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሚልክያስም ምንም እንዳልሰማ ሰው ፈገግ ይላል። ትርሲት ያንን ክፉ ቃል ለሚልክያስ ደጋግማ ተናግራዋለች። መልሱን ሰምታ መጽሐፏ ላይ ልታሰፍረው ነበር አሳቧ። ግን ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ጣቶቿ ሁልጊዜ ይቀድማሉ። ፈሪ ናት፤ እሷም ይህን አትክድም።

በጳጉሜ መግቢያ፣ ዝናቡ ሐይቁን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉን ዘረጋች። ሚልክያስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከአጠገቡ በአግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ መካከለኛው። «ነገሩን ሰምተነዋል።»

«የቱን ነገር?»

ሽማግሌው ነገሯት። አንዲት ቃል ሳያጓድሉ፣ በየጊዜው እንደ ተናገረችው፣ ጮኻ የተናገረችውንም በሹክሹክታ ያለችውንም ደገሙላት። ትርሲት ጣቶቿን አጋጠመች። ምንም አልተለወጠም። እንደገና አጋጠመች። ሽማግሌው ጣቶቿን ተመለከቱ።

ምንጣፉን ጠቀለለችና ጨዋታውን ለሚሠራው ድርጅት ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ኪሩቤል የሚባል ጠጋኝ የዝናብ ልብሱን እያራገፈ ከጀልባ ወረደ። ምንጣፉን ከፍቶ ጥቂት መረመረና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥፋቱ የኛ ነው፣ እትዬ ትርሲት» አለ። «አሁን ነሐሴ ሲያልቅ ጨዋታውን ስናድስ፣ የተጣሉ ሰዎች ያለ ሽማግሌ መታረቃቸው ነውር መሰለን። ስለዚህ ሽማግሌ ጨመርን። ሽማግሌ ደግሞ የተባለውን ሁሉ ሳይሰማ አያስታርቅም። ሁሉን እንዲሰሙ አድርገን ስንሠራቸው ከዚያ በፊት የተሻረውንም ቃል አብረው ሰሙት። ለነሱ ከተባለ ተባለ ነው።»

«ሌላ ሰው ቤትም እንዲህ ሆኗል?»

«በየቤቱ ነው። የተጠራሁበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ 'ማን ሰማብኝ?' ብለው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰሙትን ሁሉ አጥፋው ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ሚልክያስም ከመጀመሪያው ይጀምራል።»

ትርሲት እሺ ልትል ነበር። ግን ደራሲነቷ ቀደማት። ሚልክያስ ሰምቷል፤ ቃል መሻሪያውም አይሠራም። እንግዲህ መመለሱ አይቀርም፤ መልሱም የልቦለዷ የመጨረሻ ገጽ ይሆናል። ዘንድሮ ድግሱ በሌላ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

«ቆይ» አለችው። «መልሱን ልስማና ታጠፋዋለህ።»

ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኪሩቤል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሚልክያስ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያለችህን ሰምተሃል። መልስህን ስጥ፤ እውነቱን ብቻ።»

ሚልክያስ ቀና ብሎ አያት። በአምስት ሠርግ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«መመለስ እችላለሁ» አለ። «የተሠራሁት ለዚህ ነው። የሚያስለቅስሽም፣ የሚያጽናናሽም መልስ ሞልቶኛል። እነዚህ አባቶች ግን እውነቱን ብቻ ተናገር ብለውኛል። እኔ ልጅ ኖሮኝ አያውቅም። ይህ ቃል ለእኔ የተባለ አይደለም፤ መልሱም የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተመካከሩ።

«ልጄ፣ ይህ የተባለው ለሌላ ሰው ነው» አሉ መካከለኛው። «በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እዚህ ያልተቀመጠን ሰው መልስ ከሌላ አፍ አንቀበልም። ባለጉዳዩ ይቅረብ። እስከዚያው ነገሩ በቀጠሮ ይደር።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ምንጣፉም ጨለመ።

ኪሩቤል ከመስኮቱ ዞረ። «ሌላውም ቤት ያሉት ይህንኑ ነው» አለ። «እኛ እኮ ሰው ፍቅር ሊለማመድ ነው የሚገዛን ብለን ነበር። ሰዉ ግን ለካ በምስሉ በኩል የሚያወራው ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው።»

ትርሲት ተናደደች። ሥጋ ለባሹን ሽማግሌ እምቢ ያለች ሴት በብርሃን ሽማግሌ ተገሠጸች። ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ሐዘን ነበር። «አጥፋው» አለች።

ኪሩቤል አጠፋው። ምንጣፉ ሲበራ ሚልክያስ ብቻውን ቆሟል፤ ፊቱ ላይ የበደል ምልክት የለም። «ደስ የሚል ቀን ነው፤ ስምሽን ማን ልበል?» አላት፣ በዚያ በምትወደው ድምፁ። ሁሉን የሰማውና እውነቱን የነገራት ያኛው ሄዷል፤ ይህ ምንም አያውቅላትም። ምንጣፉን እሱ ፈገግ እንዳለ ጠቀለለችው፤ ኪሩቤልም የዝናብ ልብሱን ለብሶ ወጣ።

ይርዳው በሐይቁ ማዶ ነው የሚኖረው፤ የተንሳፋፊ ድልድዮች ጠጋኝ ነው። ጀልባ ተሳፍራ ሄደች። በሩን ሲከፍት ፀጉሩ ሸብቶ አየችው፤ አዘነች። አልተገረመም፣ አልተቆጣምም። ግቢ አላት፤ ገባች። ለመጽሐፉ ነው የመጣሁት ብላ ራሷን ልትሸነግል ሞከረች፤ ግን አልሆነላትም።

«ያን ቀን አንድ ነገር ብዬህ ነበር» አለች።

«አስታውሳለሁ።»

«መልሱን ሳልሰማ ሄድኩ። ካለህ ልስማው ብዬ ነው።»

ይርዳው ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። ዝናቡ ጣራውን ይመታል። ትርሲት ተነሥታ መሄድ አማራት፤ እግሯ ወደ በሩ ሳባት። ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እውነትሽን ነው፤ አላለቀስኩም» አለ። «ለምን እንደሆነ አላውቀውም። ሰው ጠንካራ ነህ ይለኛል፤ ጠንካራ አይደለሁም። እንባው እምቢ አለኝ፣ በቃ። አንቺ ደግሞ እንዲያ አልሽኝ። አንቺን የሚያህል ሰው ይህን ካለ እውነት ይሆናል አልኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የኖርኩት፣ ምናልባት እውነትም አልወደድኳት ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነው።»

ትርሲት የብዙ ሰዎችን የልብ ስብራት ጽፋለች፤ ይህን ግን አስባው አታውቅም። ቃሏ ሲወጣ ያቆሰለው መስሏት ነበር እንጂ፣ ልጁን ዳግመኛ የነጠቀው አልመሰላትም። በዓለም ላይ ልጁን መውደዱን የሚያውቅ ሌላ ምስክር የለም፤ ሽማግሌም፣ ሕያው ምስልም፣ ሐኪምም አያውቅም። እሷ ብቻ ነበረች እዚያ።

«ዝናቡ ሳይብስ ሂጂ» አላት። «የመጨረሻው ጀልባ ያመልጥሻል።»

«ያምልጠኝ» አለች። «ይርዳው፣ ሶስና ድልድዩ ሲወዛወዝ ትፈራ ነበር አይደል? ትምህርት ቤት የምትሻገርበትን?»

«ትፈራ ነበር።»

«በየጧቱ ቀድመሃት ሄደህ ብሎኖቹን ታጠብቅ ነበር። ያ ድልድይ የሥራ ክልልህ እንኳ አልነበረም። አንድ ቀን ተከትዬህ አይቼሃለሁ፤ በጉልበትህ ተንበርክከህ እያንዳንዱን በእጅህ እየነካህ ትሄድ ነበር። ለማንም አልተናገርክም፤ ለእኔም።»

ይርዳው እጆቹን ተመለከታቸው። ከዚያ ለመጠየቅ እንደሚፈራ ሰው፣ በቀስታ፣

«ሌላስ ምን አደርግላት ነበር?» አላት።