የጽዳት ክፍል ቋት

መጀመሪያ የተሰማው ኮቴ ነው። ከሰርቨሮቹ ጉርምርምታ ጀርባ ቀስ ያለ፣ መሰማት ያልፈለገ ኮቴ።

ሸማኔ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። እጁን የሚያነሳ ሌባ ነው። እሱ እዚህ ተራ ቴክኒሻን ነው፤ ሸማኔ መባሉን የሚያውቀው የላከው፣ ‹አጎት› የሚባለው አለቃ ብቻ ነው።

ኮቴው በሩን አልፎ ሄደ።

የአጎት መልእክት ስልኩ ላይ እንዳበራ ነው። «የመረጃ ቋቱ ‹ምስክሮች› ይባላል። አጥፋውና ውጣ።» በዚህ ድርጅት ላይ በስውር የመሰከሩ ሰዎች ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ። ድርጅቱ ነገ ጠዋት ለገዳዮች ይሰጠዋል። አንዱ ድምፅ የእህቱ ነው።

ቋቱን አገኘው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰ።

ቆመ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሠራተኛው በሌሉበት እትዬ ደንብ የሚላቸው ሴትዮ፣ ሥራ የጀመረ ዕለት ነግረውታል። የቋት ስም የባለቤቱን ክፍልና ተራ ቁጥሩን ይናገራል እንጂ የሆዱን አያወጣም። «በርህ ላይ ‹ወርቅ እዚህ አለ› ብለህ ትለጥፋለህ?» ብለው ስቀውበት ነበር። ደንብ የጣሰ ስም በእሳቸው እጅ አያልፍም።

ይሄ ወጥመድ ነው። ሲነኩት የሚጮህ።

ስሙን የላከለት ደግሞ አጎት ነው።

ሸጦኛል።

እውነተኛውን ቋት እንደ ደንቡ ፈለገ። ሒሳብ። ሽያጭ። ጥበቃ። ጽዳት፣ ሁለተኛ ቋት። ባልዲና መወልወያ ብቻ ያለው ክፍል ከሒሳብ የሚበልጥ ቋት ምን ይሠራለታል? ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከፈተው።

እህቱ ናት።

ለማጥፋት ግን የኃላፊዋ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ጠራቸው። የማይሠራበት ቋት እያጸዳሁ ነው አላቸው። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እሱን።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው፣ እትዬ።»

«ባዶ ነገር እንዲህ አይከብድም፣ ልጄ።»

በሩን በዓይኑ ለካ።

«ጽዳት ክፍል ይሄን ሲያስፈቅድ ገርሞኝ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል። የይለፍ ቃሉን አስገቡ።

ቋቱ ጠፋ። ነገ ማን አጠፋው ሲባል ሲስተሙ የሚያወጣው የእሳቸውን ስም ነው። ሁለቱም ያውቃሉ።

ስልኩ ጠራ። አጎት ነው። አላነሳውም። የመግቢያ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወዴት ነው?» አሉት።

በጓሮ ደረጃ ወርዶ ከሥራ ከሚወጣው ሰው ጋር ተቀላቀለ።