የኦረስት ጫማ ማሰሪያ

ኦረስት ዲዱክን መጀመሪያ ያየው የበረዶ ጠራጊው መኪና ሾፌር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከካርዴል ከተማ መውጫ ባለው የአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ፣ ሽማግሌው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሾፌሩ እንደ ልማዱ መብራት ብልጭ አድርጎ ሰላም አለው። መልስ ሲያጣ ወርዶ ቀረበ፤ ወደ መኪናው የተመለሰው ፖሊስ ጋ ለመደወል ነበር።

ሳጅን ዶሪን ላቫሌ ከመኪናዋ ስትወርድ በረዶው አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ወዲያው ማበጥ ጀመረ። ኮቷ ውስጥ ሸጉጣው ወደ መጠለያው ገባች።

«ግልጽ ነው እኮ» አለ ሾፌሩ ከኋላዋ። «ያቺ የጉዞ ጓደኛው ቬርና ቀን አሳስታው ነው። ትናንት ማታ አውቶቡስ አልነበረም። ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ደረቀ።»

ላቫሌ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቡትስ ታይ ነበር። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። የላይኛው ቀዳዳ ግን ባዶውን ቀርቷል፤ የቋጠሮው ጫፎችም እንዳይንጠለጠሉ ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል። ኦረስት ቦርጫም ሽማግሌ ነበር። ጫማውን ሲያስር ማን ረድቶት ይሆን?

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ብዙ አላስጠበቃትም።

«የገደለው ብርዱ ነው» አላት። «ግን ከጭንቅላቱ ኋላ እዚህ ጋ ንኪው። አብጧል። ከሞተ በኋላ የተመታ ሰው እንዲህ አያብጥም። መጀመሪያ ጭንቅላቱን አንድ ነገር አገኘው፤ የሞተው ከዚያ ቆይቶ ነው።»

«መጠለያው ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ?»

«ወድቆ ተነስቶ፣ እጁን አሳምሮ ተቀመጠ?»

ቡትሶቹ ሲወልቁ የሱፍ ካልሲዎቹ ወጡ። ከሥራቸው ግራጫ ብናኝ ይዘዋል፤ መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ላቫሌ ካልሲዎቹን ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው።

ቬርና ክላሰን በሩን የከፈተችው ሳይንኳኳ ነው።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለች። «ገደልኩት።»

ቬርናና ኦረስት በእርጅና መኪና መንዳት ካቆሙ ወዲህ የከተማዋን የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ነጫጭ ጉጉቶችን፣ ከከተማ ከተማ የሚከተሉት በሕዝብ አውቶቡስ ነበር። ሌላው ደጋፊ «የእግረኛ ቲፎዞ» እያለ ይስቅባቸዋል። የዛሬው ጉዞ እቅድ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ የት ተነስተው የት እንደሚቀይሩ፣ ሾርባ የት እንደሚጠጡ፣ ጨዋታው ያለበት ብሬንት ሌክ ሲደርሱ በየትኛው በር እንደሚገቡ። የያዘው ጉጉት የሚመስል ማግኔት ነው።

«ትናንት ቀን ደወልኩለት» አለች ቬርና። «‹የጠዋቱ አውቶቡስ በበረዶው ምክንያት ሊቀር ነው፤ ምናልባት ዛሬ ማታ እንሄድ ይሆናል፤ አጣርቼ እነግርሃለሁ› አልኩት። ሳጣራ የማታውም ተሰርዟል። መልሼ ብደውል አያነሳም። ተኝቷል ብዬ ተውኩት። ብድግ ብዬ ቤቱ ብሄድ ምን ነበረበት? ሁለተኛ ለማንም መንገድ አላወጣም።»

«አውቶቡስ ስትጠብቁ እዚያ መጠለያ ነው የምትቀመጡት?»

«መጠለያ? ኧረ ማን ይቀመጥበታል። በረዶ ከጣለ በኋላ አውቶቡሱ እዚያ ቆሞ አያውቅም። መንገዱ ዳር ስለሚከመር ሾፌሩ ማደያው ጋ ነው የሚያቆመው። እኛም እዚያው ማደያው ውስጥ ማርሊስ ጋ ሻያችንን እየጠጣን...»

ቬርና የያዘችውን ፎጣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ታዲያ እዚያ ምን ሊያደርግ ሄደ?» አለች በቀስታ።

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው። ሰሞኑን የተለየ ነገር አላዩበትም?»

«ሐሙስ የሙከራ ጉዞውን ሄዶ ነበር። ሁልጊዜ አንዳችን ቀድመን መንገዱን እንሞክረዋለን፤ ሽንት ቤቱ ክፍት ነው፣ አስፋልቱ ያዳልጣል የሚለውን። ሲመለስ ስለ አውቶቡሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ‹ያ ልጅ ቅዳሜ ከተጫወተ ይሞትብናል› ብቻ አለኝ። የቱ ልጅ ብለው፣ ‹መጀመሪያ ለሚመለከተው ልንገረው፤ ሐሜት አይሁንብኝ› አለ።»

ላቫሌ ከወንበሩ ተነሳች። «ቡድኑ ወደ ብሬንት ሌክ የሚነሳው መቼ ነው?»

«ከምሳ በኋላ።»

«ይቺን ጉጉት ልዋስዎት።»

መኪናዋ ውስጥ ማግኔቱን ወደ ካልሲው አስጠጋችው። ግራጫው ብናኝ ቀጥ ብሎ ቆመና ጉጉቷ ላይ እንደ ፀጉር ተለጠፈ። ብረት ነው።

ማደያው ውስጥ ማርሊስ ከባንኮኒው ኋላ ዶናት ትደረድራለች። ከሩቅ የሚመጡ ወጣት ተጫዋቾችን የከተማው ቤተሰቦች ተከፋፍለው ያኖራሉ፤ ማርሊስም ተከላካዩን ኮልቢን ቤቷ ታኖራለች።

«ጋሽ ኦረስት ትናንት ከሰዓት እዚህ ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «ተጨቃጨቅን። ሌላ ሰው ከሚነግርሽ ብዬ ነው።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በነገር ነዋ። ሽማግሌ ላይ ጮኸች ብለሽ ልታስሪኝ ነው?»

በሩ ተከፈተና ኮልቢ ገባ። ሰማዩ እንደ አመድ ነው፤ እሱ ግን ጥቁር መነጽር አድርጓል። የዶናቱ መስታወት መብራት ጋ ሲደርስ በእጁ ከለለው።

«ፀሐይ የለም እኮ ዛሬ» አለችው ላቫሌ።

«ፋሽን ነው» አለች ማርሊስ ቀድማው። «የእነሱን ነገር እኔም አልደረስኩበትም።»

ልጁ ወደ ሳጅኗ ሲዞር አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን አዞረ፤ ውሃ የሞላ ባልዲ ራሱ ላይ የተሸከመ ይመስል።

«ዛሬ ትጫወታለህ?»

«አዎ። የትልልቅ ቡድን መልማዮች ይመጣሉ። ወጌሻው ጋርኔት ትችላለህ ብሎኛል።»

ላቫሌ ስትወጣ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ ነበር። ያበጠ እጇን አሳየች። ማርሊስ ከባንኮኒው ወጥታ ማሰሪያውን እስከ ላይኛው ቀዳዳ አሳልፋ ሰፊ ቋጠሮ አሰረችላት።

«መንገድ ላይ ቢፈታ እንዳትረግሚኝ» አለች። «ልጆቼም እድሜያቸውን ሙሉ ማሰሪያ ሲጎትቱ ነው ያደጉት።»

ጋርኔት የቡድኑ ወጌሻ ነው፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎቹን ስለት የሚስለውም እሱ ነው። ላቫሌ የቡድኑ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስትደርስ ማሽኑ የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል። ወለሉ መሐል ጉጉት የተሳለበት ሰማያዊ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከበሩ ውጭ የጫማ መደርደሪያ አለ።

«ሳጅን፣ ንግሥትም ብትሆኚ ጫማ ይወልቃል» አለ ጋርኔት ማሽኑን አጥፍቶ። «አሠልጣኙ ራሱ በካልሲ ነው የሚገባው።»

አወለቀች። «ኦረስትን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ጨዋታ። ምስኪን። ከቡድኑ ጋር እንውሰድህ ስንለው እንኳ እምቢ ይል ነበር። ምን እንደሚታየው እንጃ፤ እኔ የሕዝብ አውቶቡስ ላይ በሕይወቴ ወጥቼ አላውቅም።»

«ኮልቢስ? ደህና ነው?»

«እንደ በሬ። ያየሁት እኔ፣ የፈረምኩለትም እኔ። ባለፈው ጭንቅላቱን ትንሽ ተገጭቶ ነበር፤ አለፈ።» ፈገግ አለ። «ዛሬ አሪፍ ከተጫወተ፣ የሚወስደው ትልቅ ቡድን እኔንም አብሮ መውሰዱ አይቀርም።»

ማግኔቱ ከላቫሌ እጅ ወደቀ። ከማሽኑ ሥር ስታነሳው፣ አስቀድማ የጠረገቻት ጉጉት እንደገና ግራጫ ፀጉር አብቅላለች።

በሩ ላይ ቡትሷን በአንድ እጇ ስትታገል ጋርኔት አየና ሳትለምነው ተንበረከከ። «አምጪው፤ ሥራዬ ነው።» ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲስበው የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ። የላይኛውን ቀዳዳ ዘለለ። የቋጠሮውን ጫፎች ወደ ውስጥ ሸጎጠ።

«ላይኛውን ለምን ዘለልከው?»

«ቁርጭምጭሚት እንዲታጠፍ። ተከላካይ ሲያጎነብስ እንዳይቆርጠው።» ሳቀ። «አላስበውም እኮ፤ እጄ ራሱ ነው የሚያስረው።»

ላቫሌ እግሯን ለጥቂት ጊዜ ባለበት ተወችው።

ከምሳ በኋላ የቡድኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆመ። ላቫሌ ሾፌሩን ትንሽ ጠብቅ አለችውና ሐኪሙን፣ ቬርናን፣ ማርሊስን፣ ኮልቢንና ጋርኔትን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አምስቱም ጫማቸውን ሳይነገራቸው በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ቬርና እንኳ በሐዘኗ መሐል የእሷን አሰልፋ አስቀመጠች።

«ልጆቹ ይጠብቃሉ» አለ ጋርኔት። «እቃ አልጫንኩም።»

«አይቆይም። ከመጠለያው ልጀምር። ከተማው ሁሉ ቬርና ቀን አሳስታ ገደለችው ይላል። ኦረስት ግን ማታ አውቶቡስ አለ ብሎ ቢያምንም እዚያ መጠለያ አይሄድም ነበር። በረዶ ከጣለ ወዲህ አውቶቡሱ የሚቆመው ማደያው ጋ ነው። እሱ ያውቃል፤ ቬርና ታውቃለች፤ ማርሊስ በየቀኑ በመስኮቷ ታየዋለች። እዚያ ያስቀመጠው ሰው የሕዝብ አውቶቡስ የማያውቅ ሰው ነው።»

ማርሊስ ትንፋሿን ለቀቀች። ጋርኔት እጆቹን አጣመረ።

«ከተማው ግማሹ አውቶቡስ አያውቅም» አለ።

«እውነት ነው። ስለዚህ ወደ ቡትሱ እንሂድ። ማሰሪያውን ያሰረው ኦረስት አይደለም። ሆዱ ጎንበስ አያስብለውም፤ ቬርና፣ እንዴት ነበር የሚያስረው?»

«ልፍስፍስ አድርጎ» አለች ቬርና። «ሁሌ እሰድበው ነበር።»

«ቡትሱን ሌላ ሰው ነው ያደረገለት ማለት ነው። ቡትስ የሚደረግለት ደግሞ አውልቆ የነበረ ሰው ነው። የት ነው ያወለቀው? በዚህ አገር ሰው ቤት ስንገባ ሁላችንም እናወልቃለን፤ የማርሊስ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የቬርናም። ግን ካልሲዎቹ ሥር ይሄ ነበር።» ፀጉራሟን ጉጉት አወጣች። «የብረት ብናኝ። ዛሬ ጠዋት ከዚያ ማሽን ሥር ያነሳሁትም እንደዚሁ ያለ ነው። በካልሲ ሆነው ስለት መሳያ አጠገብ የሚቆሙበት ቤት ካርዴል ውስጥ ይሄ ብቻ ነው። ጋርኔት፣ ባለፈው ጨዋታ ነው ያየሁት ብለኸኛል።»

«ሳልኖር ገብቶ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። ጫማዬን ግን እዩት።» እግሯን አላነሳችም፤ ወደ በሩ ጠቆመች። ቡትሷን ሳትፈታው ጎትታ ነበር ያወለቀችው፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። «የላይኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። ጫፎቹ ተሸጉጠዋል። ዶክተር፣ የኦረስትን ያወለቁት እርስዎ ነዎት።»

ሐኪሙ ወደ በሩ ሄዶ ጎንበስ አለ። ሲመለስ ጋርኔትን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«አንድ እጅ ነው ያሰረው» አለ።



«እኔ ነኝ ወደዚህ የላክሁት» አለች ማርሊስ። «‹ልጁ ታሟል፣ አታይም ወይ› ሲለኝ፣ ‹አንተ ሐኪም ነህ? ሂድና ወጌሻውን ጠይቅ› ብዬ ጮህኩበት። አውቅ ነበር። ኮልቢን ብርሃን ስለሚያመው መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜለታለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ለመነኝ።»

ጋርኔት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ለሊጉ እነግራለሁ አለኝ» አለ። «ዛሬን ብቻ እለፈኝ አልኩት። እምቢ ሲል ገፋሁት። ገፋሁት ብቻ ነው። ማሽኑ ላይ ወደቀ። ሞቷል ብዬ በመኪናዬ መጠለያው ወሰድኩት።»

«የወደቀ ሰው ይተንፍስ አይተንፍስ ማየት ሥራህ ነው» አለች ላቫሌ። «ተንበርክከህ ሁለቱን ቡትሶች ለማሰር ጊዜ ነበረህ።»

ጋርኔት እጆቹን ተመለከታቸው።

ኮልቢ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ከመብራቱ የተነሳ ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ምናልባት ግን በመብራቱ ብቻ አልነበረም።

«ሐሙስ የሕዝብ አውቶቡሱ ላይ ሲያስመልሰኝ፣ እንድተፋበት ቆቡን ነው የሰጠኝ» አለ። «‹አዲስ ነው፣ ግን አያሳሳም፤ አስቀያሚ ነው› አለኝ። ከዚያ እስከምንደርስ ድረስ እጄን ያዘኝ። እንዳይናገርብኝ ለመንኩት። አልመለሰልኝም።»

ሐኪሙ የልጁን ዓይኖች በትንሽ መብራት አየና ፊቱ ከበደ። «ዛሬውኑ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ጭንቅላቱን ራጅ መነሳት አለበት» አለ። «ተቀምጦ መሄድ ይችላል። ብቻውን ግን አይሆንም። እኔ ክሊኒኩን ጥዬ መውጣት አልችልም።»

ላቫሌ ያበጠ እጇንና ጋርኔትን አየች። ረዳቷ እስኪመጣ እሷም ከዚህ መንቀሳቀስ አትችልም።

«የከሰዓቱ አውቶቡስ አልተሰረዘም» አለች ቬርና።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ኮቷን እየቆለፈች ነበር።

«ተነስ ልጄ። ማደያው ጋ ነው የሚቆመው። ከተማ ስንደርስ ከመናኸሪያው የሚነሳው ቁጥር ሦስት አውቶቡስ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያደርሰናል። ሽንት ቤቱ በግራ በኩል ነው፤ ኦረስት አይቶታል።»

ማደያው ጋ ማርሊስ ሻይ ክዳን ባለው ኩባያ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ገንዘብ ልትቀበል አልፈለገችም። አውቶቡሱ ሲመጣ ቬርና ልጁን ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችውና መጋረጃውን ሳበችለት። ከቦርሳዋ የዛሬውን እቅድ አውጥታ «ብሬንት ሌክ» የሚለውን ሰረዘችው፤ ከሥሩም በእርሳስ አዲሱን መንገድ ጻፈች።

«ራሴን ላስደግፍ፣ እማማ ቬርና?»

«አስደግፍ።»

ከከተማው መውጫ ላይ መጠለያው ታየ፤ በረዶ ተከምሮበታል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈው።