ሌባውና ዝንጉዋ

ከመታጠቢያ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሳ ወንበሯን ስትስብ ላፕቶፑ የለም።

ቻርጀሩ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። መነጽሯ አለ። የውሃ ጠርሙሷም አለ። ላፕቶፑ ብቻ የለም።

ክው አለች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ ነበር፤ ጠረጴዛ ተሳስቼ ይሆናል አለች። ከዚያ ግን የገዛ መነጽሯን አየች። ሁለት ክረምት ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረች የለካችው የውሃ ጨዋማነት፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፏ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ እገለብጠዋለሁ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል የከረመች ልጅ ናት።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቢጫ ካርድ ተቀምጣለች። «ሌባ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ከግቢ ወጥቼ ነበር። ላፕቶፕዎ ጥበቃ ቢሮ ነው፤ መታወቂያ ይዘው ይምጡ።»

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተማሪ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል፣ «ሌባው ወስዶት ነው፤ አይዞሽ» አላት።

«የቱ ሌባ?»

«የኛው ነዋ!»

በዚያ ዓመት የግቢው ላፕቶፖች በጠራራ ፀሐይ ያልቁ ነበር። በር ተሰብሮ፣ ቁልፍ ተፈልቅቆ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሶኬት ጥቂት ነው፤ ሶኬት አጠገብ ቦታ ያገኘ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ቦታው እንዳይያዝበት ላፕቶፑን አስቀምጦ ይሄዳል። ሌባ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ስለዚህ የጥበቃ ኃላፊው አንድ ዘዴ አመጡ። አዲስ የተቀጠረ ወጣት ሠራተኛ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ላፕቶፕ ሲያገኝ ያነሳና ካርድ ትቶ ይሄዳል። ተማሪው «ሌባው» አለው። እሱም «ሌባው!» ሲሉት «አቤት» ይላል።

የጥበቃ ቢሮው ከደረጃው ሥር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን። በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ጤነኛ ነህ? ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር እኮ!»

«እንድትደነግጪ ነው የወሰድኩት» አለ ረጋ ብሎ። «ሁለተኛ ጥለሽው አትሄጂም።»

«መታጠቢያ ቤት ይዤው ልግባ?»

«ይዘሽው ግቢ።»

«ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ?»

አሰበ። የምሩን አሰበ። «እሱ ላይ መመሪያ አልተሰጠኝም» አለ በመጨረሻ።

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰችና ላፕቶፗን ነጥቃው ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ጠራት። «ቻርጀሩስ?»

ላይ ቤት ብቻውን እንደተሰካ ትታው ነው የመጣችው።

«ዝንጉዋ!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ እሱ ሆነ።

በሁለተኛው ጊዜ፣ እውነትም ረስቼው ነው ብላ ለራሷ ነገረች። በሦስተኛው ለራሷ ምንም አልነገረችም። ላፕቶፑን ከፍታ ትተወውና ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ትቆማለች፤ ቢጫው መጥቶ እስኪሄድ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትወርዳለች። እሱም «ዝንጉዋ መጣች» ይልና ሁለተኛውን ወንበር ይስብላታል። ክፍል ውስጥ መምህር ሲጠይቃት ድምጿ የማይሰማ ልጅ፣ እዚያ ከደረጃ ሥር ቁጭ ብላ ስለ ጉድጓዶቿ ታወራለች፤ የቱ ጉድጓድ ጣፋጭ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ሻይ እንደሚያበላሽ። እሱ ይሰማታል።

አንድ ቀን ላፕቶፑን ሲያቀብላት አራቱም እጆች ላዩ ላይ ቀሩ።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

ማንም አልለቀቀም።

ጽሑፏን ለመምህራኑ የምታስረክብበት ቀን በተቃረበበት ሰሞን፣ እንደለመደችው ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ፣ በመጻሕፍቱ መሃል ቢጫ ሰደርያ አየች። እጅ ተዘረጋ፤ ክዳኑ ተዘጋ፤ ላፕቶፑ ብብት ሥር ገባ። ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ ቀና ብለው አዩና ወደ እሷ ፈገግ አሉ። «ዛሬም?» አሉ በከንፈራቸው። እሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በሉ አለቻቸው። ጊዜም ሰጠችው፤ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን ፈትታ አሰረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች።

ሌባው ጠረጴዛው ላይ የላፕቶፕ ማሰሪያ ገመዶች ዘርግቶ ቁልፍ ይጠግናል።

«ዝንጉዋ! ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?»

«አምጣዋ» አለች እጇን ዘርግታ።

«ምኑን?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። ቢጫ ሰደርያው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

እሱም አየው። ከዚያ ወንበሩን ገልብጦ እየሮጠ ወጣ። የግቢው በር ላይ ያሉት ዘበኞች ግራ ገባቸው። «እንዴ፣ አሁን ወጥተህ አልነበር? ቢጫ ለብሰህ፣ ቦርሳ ይዘህ... ሰላም ብለንህ!»

በዚያ ቀን የጠፋው የእሷ ብቻ አልነበረም። ከሦስቱም ፎቅ ተለቅሟል፤ አንድም ሰው አልጮኸም። ወራት ሙሉ ግቢው የተማረው ይህንን ነው፤ ቢጫ የለበሰ ሰው የሰው ላፕቶፕ ሲያነሳ ፈገግ ማለትን።

የጥበቃ ኃላፊው እዚያው ያዟት። «የወሰደውን አይተሻል?»

«አዎ፣ እሱ መስሎኝ...»

«እሱ ነው?» አሉ፤ የቀረውን አልሰሙም። እትዬ ጠቆሙ፤ ዘበኞቹ ጠቆሙ። ሌባው ከሥራ ታገደ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጥፋተኛ ካለው ለፖሊስ ይሰጣል ተባለ።

ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መጣ። ያንን ላፕቶፕ የገዛላት እሱ ነው፤ ለአልጋ የሚከፍለውን እያጠራቀመ፣ መኪናው ውስጥ እያደረ።

«ሌባ ሲሉት አቤት የሚል ሰው ነው» አለ በቁጣ። «ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

«እሱ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

መልስ ነበራት፤ ግን ለወንድም የሚነገር አልነበረም።

ኮሚቴው በጠባብ የስብሰባ ክፍል ተሰበሰበ። የተማሪዎች ዲኗ በሰብሳቢነት መሃል ተቀምጠዋል፤ ኃላፊው በስተቀኝ፣ እትዬና ዘበኞቹ በግድግዳው በኩል። ወንድሟ አጠገቧ ነው። ሌባው ፊት ለፊቷ። ያለ ሰደርያው ያነሰ መሰላት። ቀና ብሎ አላያትም።

«ልጄ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «ላፕቶፕሽን ሲወስድ አይተሻል?»

«አንድ ሰው ሲወስድ አይቻለሁ። ፊቱን አላየሁም።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን ቸብ አደረጉ። «የልፋትሽ ሁሉ ያለበት ዕቃ ዓይንሽ እያየ ተወሰደ፤ ፊቱን ሳታዪ ዝም አልሽ? ታውቂው ስለነበር ነው እንጂ ትጮኺ ነበር!»

ዝም ካለች ዝምታዋ እሱን ያሳስረዋል። ከተናገረች ምድር ተከፍታ ብትውጣት ይሻላታል። ወንድሟን አየች። የሌባውን እጆች አየች፤ ጉልበቱ ላይ ተቆላልፈዋል።

«እንዲወስድልኝ ነበር የተውኩት» አለች።

«ምን?»

«ረስቼው አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን በቀር ረስቼው አላውቅም። እሱ ካልወሰደው እሱ ዘንድ የምሄድበት ሰበብ የለኝም።» ድምጿ አሁን ለሁሉም ይሰማል። «ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነው የምጠብቀው። የዚያን ቀንም ስጠብቀው ነበር። ቢጫ አየሁና እሱ ነው አልኩ። ረዥም ይሁን አጭር አላውቅም። ያየሁት ሰደርያ ነው፤ የቀረውን እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ኃላፊው የያዙትን እስክሪብቶ አስቀመጡ።

«ሁላችንም እንደዚያው ነን» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ፊቱን አይተዋል?»

እትዬ አፋቸውን ያዙ። «ኧረ በስመ አብ! ያየሁት አንቺን ነው እንጂ እሱንማ አላየሁትም። አንቺ ስትስቂ ጊዜ እሱ ነው አልኩ።»

ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እኛም... ሰላም ያልነው ሰደርያውን ነው መሰለኝ» አለ አንደኛው።

ሰብሳቢዋ ወደ ሌባው ዞሩ። «አንተስ? ይህን ታውቅ ነበር?»

ብድግ አለ። እስከ ጆሮው ቀልቷል። «መርሳት ካቆመች እንደቆየች አውቃለሁ። መውሰዴን ማቆም ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «አላቆምኩም።»

የኃላፊው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ወንድሟ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ።

«ቆይ ቆይ... እኔ መኪና ውስጥ ተጣጥፌ እያደርኩ የገዛሁት ዕቃ፣ ለመተያያ ነው የዋለው?»

ሰብሳቢዋ ሳል መጣብኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ውሳኔው ረዥም አልነበረም። ማንም ፊት ያላየበት ምስክርነት ምስክርነት አይደለም ተባለ፤ ሌባው ነጻ ወጣ፤ ከየጠረጴዛው ላይ ዕቃ ማንሳቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። እያወቀ በማንሳቱ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ላፕቶፑ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ድንገት ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስታስብ የከረመችው ስለ እሱ ብቻ ነበር። አሁን እሱ ሲድን፣ የጠፋው ነገር እንደ አዲስ መጣባት።

«ጽሑፌ!» አለች፣ ገና አሁን የሰማችው ይመስል። «ጉድጓዶቼ... ሌላ ቦታ ሳልገለብጣቸው ሁሉም ጠፉ እኮ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሌባው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን እጇ ላይ አደረገ፤ አልሸሸችም። ወንድሟ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና እያጉረመረመ በሌላኛው ጎኗ ተቀመጠ።

«እንደገና ይለካላ» አለ ወንድሟ። «ጉድጓድ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

«ዘንድሮ አልመረቅም ማለት ነው እኮ፣ ወንድም ጋሼ። ሌላ ክረምት ሙሉ...»

«መኪና አለኝ።»

«ውሃውን እኔ እስብላታለሁ» አለ ሌባው በቀስታ።

ወንድሟ በእሷ ጭንቅላት ላይ አሻግሮ፣ ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«ጋቢናው ለሁለት ሰው ነው» አለ። «አንተ ከኋላ ነው የምትጫነው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ደግሞ ጋሼ ይለኛል!» አለ ወንድሟ በድንጋጤ፤ እሷ ግን እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።