ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት

ጥር 30 ቀን ቅዳሜ፣ ከቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ኤግዚቢሽን መሃል የተማሪው የግሩም መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የክብር እንግዳው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ፀሐዩን እየከለሉ መብራቱን ፈለጉት። ሲያገኙት፣ በቀን እንዲህ ከበራ ማታማ እንዴት ሊሆን ነው ብለው አደነቁ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ወልደ ገብርኤል ይህን ሲሰሙ ጭብጨባውን እንደገና አስጀመሩት።

ከተማሪዎቹ ሱምያ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን ባነር አነበበችው። «ምሽት 12 ሰዓት ላይ በራሱ የሚበራ የጀልባ ማቆሚያ መብራት። ክበባችን በገነባው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ።» ከዚህ ሁሉ ግሩም የደከመበት ነገር ቢኖር ባነሩን ማተሚያ ቤት ማመላለሱ ነው። ሐሳቡ የሟች ወንድሟ የሙኽታር ነበር፤ ግሩም እነሱ ቤት ሲመጣ ከእሱ አፍ የሰማው። ሲስተሙን ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ መዳፍ በሚያክል አረንጓዴ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ጭኖታል። የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦርዱ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ በሚታየው ምልክት ፋንታ የራሱን ፎቶ አስገብቷል፤ መነጽር አድርጎ የተነሳውን።

እንግዳው ወደ ለስላሳው ሲያመሩ ግሩምን ጠጋ አለችው።

«አሥራ ሁለት ስትለው እኮ እኩለ ቀን ነው የገባው» አለችው። «በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥር። ይህን እንኳ አላየህም?»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢ። ጭብጨባውን አልሰማሽም?»

«ሰማሁት። አጨብጫቢውንም አየሁት። ከኮዱ አንዲት መስመር አንብበሃል?»

ግሩም ሳቀ። «የእኔ ቢያንስ ይበራል። እናንተ ቤት ያለው ቦርድ ከክረምት ጀምሮ ምን ሠራ? እሱ እኮ ቦርድ አይደለም፣ ለቅሶ ነው።»

እንዲህ ላለ ሰው ቃል አላባክንም ብላ ጥላው ሄደች። ወደ ቤቷ የሚወስደውን የሐይቅ ዳር መንገድ ሙሉ ግን መልስ ስትፈልግ ነበር። 

ሙኽታር ሲስተሙን ከኮዱ ተነስቶ የሚገነባ ልጅ ነበር። የማይፈልገውን እየቀነሰ፣ የሚፈልገውን እየጨመረ፣ አሮጌ ላፕቶፑን ሲያስጓራ ይውላል። ግንባታው መሃል ላይ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጸጉሩን ይነጭና እንደገና ይጀምራል። ሲያልቅ አንድ ፋይል ይወጣለታል፤ ያንን በኬብል ቦርዱ ላይ ይጭነዋል፤ «ፍላሽ ማድረግ» የሚለው ይህን ነው። ቀረኝ የሚለው ነገር ሰዓቱ ነበር። ሰዓቱ ከንጋት እንዲቆጥር፣ ጀልበኛ አሥራ ሁለት ሲለው ምሽት መሆኑ እንዲገባው ይፈልግ ነበር። ያንን ሳይጨርስ ነሐሴ ላይ ከዘጌ ሲመለስ ማዕበል የተሳፈረባትን ጀልባ ገለበጣት።

ቦርዱ ቀረ። ሱምያ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ከላፕቶፑ ጋር ታገናኘዋለች። ጽሑፍ ይወርድ ይወርድና አንድ መስመር ላይ ቀጥ ይላል፤ «ቆዩኝ፣ መጣሁ» ይላል። ሙኽታር መጨረሻ ላይ ለቀልድ የጨመራት መስመር ናት። ላፕቶፑ ላይ በቀረው ኮድ ውስጥ የለችም፤ ቦርዱ ላይ ብቻ ናት። ሱምያ ከቦርዱ ልትገለብጣት ሞክራ አልሆነላትም። ሌላ ሲስተም ከተጫነበት ደግሞ የነበረው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ማንንም አላስነካችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ አቶ አብዱልወሃብ ከውኃው ዳር ተንበርክከው አዲስ ታንኳ ያስራሉ። ታንኳው የሚሠራበት የሐይቅ ቄጠማ፣ ደንገሉ፣ ገና ከውኃ የወጣ እርጥብ ነው። ገመዱን ግን ከሩቅ አወቀችው። ሙኽታር የገመደው ነው፤ ቃጫው ሲያንሰው ሰማያዊ የመረብ ክር ቀላቅሎበታል።

«አባ፣ ይህ የሙኽታር ታንኳ ገመድ አይደለም?»

«ነው።»

«ፈቱት?»

«ደንገሉ በስብሶ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ።

ያቺ ታንኳ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ እንደቆመች የምትኖር መስሏት ነበር። ለአፍታ አባቷን ግሩምን ባየችበት ዓይን አየቻቸው። እሳቸው የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው አጠበቁና፣ ሌላውን ጫፍ እንድትይዝላቸው ዘረጉላት። ያዘችው። ወደ ኋላ ተደግፈው ሳቡ፤ አልላላም።

«ስትገምድ ትቸኩላለህ፣ አይበረክትልህም እለው ነበር» አሉ። ገመዱን እንደገና ሳብ አድርገው «በርክቷል» አሉ።  ታንኳው ታስሮ እስኪያልቅ ስትይዝላቸው ዋለች።

ሲጨርሱ ገብታ የወንድሟን ላፕቶፕ ከፈተች። የሰዓቱን ኮድ ስትፈልግ ግማሽ ድረስ ተጽፎ የቀረ ገጽ አገኘች። ፋይሉን ከክረምት ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ማንም ማለት እሷ ናት። ግሩምን አንዲት መስመር አላነበብክም ብላ የናቀችው ልጅ፣ እሷም አላነበበችም ነበር። ቦርዱን እያስነሳች አንዲት መስመር ስታይ ነው የከረመችው። ያቺ መስመር ከግሩም ፎቶ የምትለየው መነጽር ባለማድረጓ ብቻ ነው። ይህን ማሰቡ ራሱ አናደዳት።

ኮዱን ለመረዳት ሳምንታት ፈጀባት። ስትጽፍ ትሳሳታለች፣ ታርማለች። ግንባታው ሊያልቅ ሲል ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ግሩም ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ለቅሶው እንዴት ነው ይላታል፤ ዞር ብላም አታየውም። ያ አላጋጭ ፊቱ እልህ ባያስይዛት ግን ሥራውን ትተወው እንደነበር ታውቃለች።

አንድ እሁድ ጠዋት ፋይሉ ወጣ። ቦርዱን አገናኘች። ጽሑፉ ወረደ፣ ቀጥ አለ። «ቆዩኝ፣ መጣሁ።»

መስመሯን ራሷ ጽፋ አዲሱ ውስጥ ልትጨምራት ትችል ነበር፤ የአፍታ ሥራ ነው። ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ቆየች። እሷ ከጻፈችው ግን እሱ አይደለም የሚለው። ጣቶቿን አነሳች።

አባቷን ጠርታ አሳየቻቸው። አጎንብሰው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።  ወደ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ ሱምያ የመጫኛውን ትእዛዝ ሰጠች።

በክልሉ ውድድር ግሩም ሦስተኛ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሐይቁ ዳር፣ በሙኽታር ቦርድ የሚሠራው የጀልባ ማቆሚያ መብራት በየዕለቱ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይበራል፤ በክረምት ባትሪው ስለሚደክም እስኪነጋ አይዘልቅም።