ስድስት አባቶች

«‘አባቴ እግሩን አጣ’ ካላችሁ በኋላ ዝም በሉ» አለ መምህር እንድርያስ። «በሆዳችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ከዚያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ፈታኝ የሚያዝነው እዚያች ዝምታ ላይ ነው።»

አምስቱ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ተናገሩ፣ ዝም አሉ፣ ቆጠሩ፣ ቀጠሉ። ስድስተኛዋ ነጂባ አፏን አልከፈተችም። 

እግሩን ያጣው አባት የእሷ አባት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከፋብሪካ ፈረቃ በብስክሌቱ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው፤ ግራ እግሩም ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ነጂባ ይህን የተናገረችው ባለፈው ሳምንት እዚሁ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛ ነበር። የቅዳሜው የቃል ፈተና ርዕስ «ስለ ብስክሌት ተናገሩ» የሚል ነው፤ በደንብ የመለሰ አዳሪ ትምህርት ቤት በነፃ ይገባል። ሌሎቹ «ብስክሌት ለጤና ጥሩ ነው፣ አየር አይበክልም» እያሉ ሲያነበንቡ እሷ እየተንተባተበች እውነቷን ተናገረች። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ያዘነላት መስሏት ነበር። ለካ ሰውየው በልቡ እየገለበጠ ኖሯል! በማግስቱ ታሪኩን አሳምሮ ጻፈና ፎቶኮፒ አባዝቶ ለሁሉም አደለ።

«ቲቸር፣ የኔ እኮ ነው» አለችው።

«ጥሩ መልስ ለጓደኛ ያካፍሉታል» ብሎ ሳቀባት።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት አባቶች ከስድስት ብስክሌት ሊወድቁ ነው። ነጂባ በተራ የመጨረሻዋ ናት። እውነተኛው አባት ሲደርስ ፈታኙ ማዛጋቱ አይቀርም።

ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ጓደኛዋና ጎረቤቷ ሊድያ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አኮረፍሽ እንዴ? አታካብጂ በናትሽ።»

«ስለ ራስሽ አባት አታወሪም?»

«የኔ አባት ጤነኛ ነው። ጤነኛ አባት ደግሞ ማርክ አያመጣም» አለች ሊድያ፣ ማስቲካዋን እያኘከች። ነጂባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ዛሬ ግን አጠገቧ መቀመጡ ራሱ ቀፈፋት።

ሊድያ እንደ ልማዷ አብራ ለማጥናት ተከትላት ቤት ገባች። የነጂባ አባት ጣሀ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ከጀርባው አሮጌው ብስክሌት ቆሟል።

«እስቲ ፈረንጅኛችሁን አሰሙኝ» አላቸው።

ሊድያ ሳታፍር ብድግ አለች። ቃሉ ከአፏ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የታወቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲሉ ነጂባ አየች። ከዚያ የሊድያ ዓይን እንባ አቀረረ። እንባው ደግሞ የምር እንባ ነበር፤ ነጂባን ይበልጥ ያንገሸገሻት እሱ ነው።

«ማሻአላህ! ይሄ ምላስ!» አለ አባቷ። «‘ባይስክል’ ስትዪ ሰማሁ። ‘ፋዘር’ም አልሽ። ስለ አባትሽ ነው? ምን አልሽ እስቲ?»

ሊድያ በዓይኗ ነጂባን ለመነቻት። ነጂባ «አባቷ ብስክሌት ገዛላት ነው ያለችው» ብትል ነገሩ ባለቀ ነበር። ውሸቱ ነጂባ አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ራስሽ ንገሪው» አለች ነጂባ። «በአማርኛ።»

«ጋሽ ጣሀ… ‘አባቴ እግሩን አጣ’ ነው ያልኩት» አለች ሊድያ። በአማርኛ ድምፅዋ አልወጣ አለ።

የጣሀ ቢላ ቆመ። «አባትሽ ገብሬ? አሁን በዚህ በር ሰላም ብሎኝ ያለፈው ገብሬ?»

«ለፈተና ነው… የእርስዎን ነው…»

ጣሀ ክራንቹን አየ፣ ልጁን አየ፣ ገባው። ነጂባ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣ ደስ ባላት ነበር።

«በደህና አባት ላይ አይሟረትም፣ የኔ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። «የኔን ከፈለግሽ ውሰጂው። በገብሬ እግር ላይ ግን እንዲህ አይባልም። አላህ እግሩን ይጠብቅልሽ።»

«አሜን» አለች ሊድያ። ወረቀቷን እዚያው ትታ ወጣች።

«አንቺስ?» አላት አባቷ። «አንቺም ይሄንኑ ነው የምትዪው?»

 ወረቀቱ ላይ ያለው አባት ብስክሌት ባየ ቁጥር ያለቅሳል። የእሷ አባት አልቅሶ አያውቅም፤ በየሳምንቱ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። እሷ ግን ያንን ልቅሶ ከነትንፋሹ ሸምድዳዋለች። ሊድያን የተጸየፈችውን ያህል ራሷን ተጸየፈች። የራሷንና የሊድያን ወረቀት አነሳች፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ ጠቀለለችባቸውና ቆሻሻ ውስጥ ጣለች።

«አባ፣ ትንሽ ሆኜ በዚህ ብስክሌት ስትጭነኝ የት ነበር የምንሄደው?»

«ወደ ቦርከና ወንዝ ነዋ! ከፊት ብረቱ ላይ ተቀምጠሽ ደወሉን አልለቅም ትያለሽ። ዶሮ ባየሽ ቁጥር ቅጭል፣ ቅጭል! ሰፈሩ ሁሉ ተማሮብን ነበር» ብሎ ሳቀ።

ነጂባ አጠገቡ ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ ጀመረች። ደወሉን አለች፤ ዶሮዋን አለች። ሰፈሩ መማረሩን ልትናገር ስትል ቃሉ ጠፋት።

ዝም አለች። አልቆጠረችም።