እጁ የረጋ ሰሞን

ማንኪያው አሸዋው ውስጥ ከአንድ ጠጣር ነገር ጋር ተጋጨ። ቁንዶ መጀመሪያ ጠጠር መስሏት ነበር።

በፕላስቲክ ዕቃው አንድ ጥግ ያሉት የቁልቋል ቡቃያዎች ከትናንት ጀምሮ ተልፈስፍሰው ተኝተዋል። ቡቃያ ይባሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ራስ አይበልጡም። ወንድሟ የበሰበሰ ቡቃያ ቶሎ ካልተነሣ ጎረቤቶቹን ይዞ እንደሚሄድ ነግሯት ስለነበር፣ እሱ ገላውን ታጥቦ እስኪመለስ በሻይ ማንኪያ ልታነሣለት ብላ ነው ክዳኑን የከፈተችው።

ያወጣችው ነገር ነጭ ነው። ግማሹ ሟሙቷል፤ በቀረው ላይ ግን መሐሉን የሚከፍለው መስመር ይታያል። መስመሩን በደንብ ታውቀዋለች። እናታቸው ከሰዓት ገብታ ማታ የምትወጣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነች፣ ከእራት በኋላ ኪኒኑን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ለወንድሟ የምትሰጠው ቁንዶ ናት።

ጣቷን አሸዋው ውስጥ ሰደደች። ሌላ አገኘች። ሌላም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ወንድሟ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አእምሮውን ታሞ ሲመለስ ስሙን የሚጠራው ሰው እያነሰ ሄደ፤ አሁን እንዲያ የምትለው ቁንዶ ብቻ ናት። እሷንም ቁንዶ ያላት እሱ ነው፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆነሽ ታቃጥያለሽ ብሎ።

«ኢንጂነሩ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

በሩን ዘግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«ስትውጠው እያየሁህ አልነበር እንዴ?»

«ምላሴ ሥር ነበር የማስቀረው። ነይ፣ እጄን እይው።» ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። «አየሽ? አይንቀጠቀጥም። እሱን እየወሰድኩ ሾርባ እንኳ ሳላፈስ አፌ ጋ አላደርስም ነበር። ዘሩ ደግሞ አቧራ ነው የሚያህለው። በስቴኪኒ ጫፍ አንድ በአንድ እያነሣሁ የዘራሁት ይሄን ነገር ስለተውኩ ነው። ጭንቅላቴም ጥጥ የጠቀጠቁበት መምሰሉን ተወ። ደህና ነኝ እኮ። አታካብጂው።»

ደህና ይመስል ነበር። ያን ሰሞን እየሣቀ ይበላል፣ ጢሙን ይላጫል፣ ስለ ቁልቋል ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። እናታቸውም በር ላይ ቆማ ለጎረቤት «ልጄን አገኘሁት» ስትል ቁንዶ በጆሮዋ ሰምታለች። ያንን ደስታ ከእናቷ አፍ ነጥቃ የምትወስደው እሷ ልትሆን ነው?

ኪኒኖቹን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። «እሺ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ማታ ኪኒኑን ስትሰጠው በዓይኑ ይጠቅሳታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሷም ፈገግ ትልለት ነበር።

ቀድሞ የጠፋው እንቅልፉ ነው። በግድግዳው ማዶ ሲንጎራደድ ትሰማዋለች። ቀጥሎ የቡቃያዎቹን ዕቃ ከመስኮቱ አንሥቶ አልጋው ሥር አስገባው፤ ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ እያየብኝ ነው አለ። ቡቃያዎቹ ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር እየቀጠኑ ገረጡ።

«ቁልቋል ያለ ብርሃን አይሆንም ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችው።

«ቀስ በይ» አላት ወደ ጣሪያው እያየ። «ይሰማል።»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናታቸው ሠርታላቸው የሄደችው ሩዝ እንደተቀመጠ ነው። አሙቃ አቀረበችለት። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋው።

«ቅመሺልኝ።»

«ለምን?»

«ቅመሺ ብቻ።»

አንድ ማንኪያ ጎረሰች፤ ዋጠች። ፊቷን አተኩሮ ሲያየው ቆየ።

«እማዬ ለአንቺም ነግራሻለች ማለት ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ እያለ ሲታመምም የጀመረው ምግብ በመጠርጠር ነበር። ከዚያ ከተማሪዎች ማደሪያ በባዶ እግሩ ወጥቶ ጠፋ፤ ፖሊሶች አውራ ጎዳና ዳር ሲያገኙት የውስጥ እግሩ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። መኪና ገጭቶት ቢሆንስ ኖሮ የሚለውን እናታቸው እስከ ዛሬ ጨርሳ ተናግራው አታውቅም።

በማግስቱ ቁንዶ ከምሳ በኋላ ክፍል አልገባችም። በእግሯ ፋብሪካው ድረስ ሄደች። ዘበኛው የማን ልጅ እንደሆነች ስለሚያውቅ አስገባት። አዳራሹ ውስጥ ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ ተናገረች።

«ምን?» አለች እናቷ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ።

ደግማ መናገር አቃታት። ሶፍቱን አውጥታ እናቷ በምትሰፋው ጨርቅ ላይ ፈታችው። መኪናው ቆመ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቁልቋሎቹ ሥር።»

«መቼ?»

ነገረቻት። የእናቷ እጅ ሲነሣ ልትመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ግን ከገዛ ፊቷ ላይ ላብ ጠረገች።

«እኔስ» አለች፤ «ደስታው አሳወረኝ እኮ።»

ተቆጣጣሪውን አስፈቅዳ አጎታቸው ጋ ደወለች፤ መኪና አለው። መንገድ ላይ የቁንዶን እጅ ይዛ፣ «ቤት ሳጸዳ እኔ ነኝ ያገኘሁት እለዋለሁ» አለቻት። «አንቺ ምንም አታውቂም። ከአንቺ ሌላ የሚያዋራው ሰው የለውም። ከጠላሽ ማን ይቀርለታል?»

ወንድሟ መጋረጃውን ዘግቶ፣ የቡቃያዎቹን ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። አጎታቸውንና እናቱን አልፎ ቁንዶን አያት።

«ማነው የነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ። ቤቱን ሳጸዳ…»

«እኔ ነኝ» አለች ቁንዶ።

ለምን እንዳለችው እንጃ። ምናልባት ሁሉም ሰው እየዋሸው ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ሌላ ውሸት መጨመር ከብዷት ይሆናል።

አልጮኸም። ዕቃውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። «አንቺን እኮ አምኜሽ ነበር» አላት ሲያልፋት። ከአጎታቸው ጋር ሄዶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቁንዶ ዕቃውን መስኮቱ ላይ መለሰችው። ጨለማ የለመደ ቡቃያ በአንዴ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚቃጠል አላወቀችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብዛኞቹ እንደተጠበሰ ነገር ቡናማ ሆነው ጠበቋት።

ሆስፒታል ሊጠይቁት ሲሄዱ በመጀመሪያው እሑድ አልወጣም። በሁለተኛውም ነርሷ ብቻዋን መጥታ፣ «ዛሬም አልፈለገም» አለቻቸው። በሦስተኛው እሑድ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁ ሳለ እናቷ ጠጋ ብላ፣ «ስለ ቁልቋሎቹ ከጠየቀሽ ደህና ናቸው በይው፤ እሺ?» አለቻት። ቁንዶ ዓይኗን ከበሩ አላነሣችም።

መጣ። ፊቱ አብጧል። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል ደበቃቸው፤ ቢደብቃቸውም ትከሻው ድረስ እንደሚንቀጠቀጥ ይታያል። እናቷ ስለ ምግቡ፣ ስለ አልጋው ጠየቀችው። ራሱን እየነቀነቀ መለሰላት።

«እነሱስ?» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ።

«ሞተዋል» አለች ቁንዶ። «በአንዴ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አቃጠልኳቸው። የተረፉት ጥቂት ናቸው።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ወንድሟ፣ «ተያቸው። እነሱም ይሙቱ» አለና ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። በመጣበት በር ተመልሶ ገባ።

እናቷ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። «ነይ እንሂድ፣ ልጄ። የነገው ፈተናም አለብሽ።»

የጥየቃው ሰዓት ገና አላለቀም። ከጎናቸው ያለው ቤተሰብ ብርቱካን እየላጠ ያወራል።

«አንቺ ሂጂ፣ እማዬ» አለች ቁንዶ። «እኔ ሰዓቱ እስኪያልቅ እቀመጣለሁ።»

ወንበሯን ወደ በሩ አዞረችው።